ክንድ 100 ይሰጣል፣ ጥይቷ 7 ትወስዳለች

ግማሽ ግራም የምትመዝን የእርሳስ ጥይት፣ በእጅ ከሚነፋ የአየር ሽጉጥ ስትወጣ በሰከንድ 170 ሜትር ትጓዛለች እንበል። በሰዓት ሲሰላ 612 ኪሎሜትር ነው። ከቆመችበት ተነሥታ እዚህ ፍጥነት ላይ የምትደርሰው 26 ሴንቲሜትር ርዝመት ባለው ቱቦ ውስጥ ሲሆን፣ ለዚህ የሚፈጅባት ጊዜ ከሰከንድ 3 ሺኛ አይበልጥም። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ከራሷ ክብደት በአማካይ 5,600 እጥፍ የሚሆን ግፊት ያርፍባታል። የተዋጊ ጄት አብራሪዎች በልዩ ልብስና በብዙ ሥልጠና የሚቋቋሙት 9 እጥፍ ገደማ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጥይቷ ይዛ የምትወጣው ጉልበት 7.2 ጁል ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ስኳር ከወለል አንሥቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የዚያኑ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ታዲያ ይህን 7 ጁል ለማግኘት የተኳሹ ክንድ ስንት ጁል አወጣ? ስሌቱ ወደ 100 ይጠጋል፤ የመገጣጠሚያዎቹና የጎማው ሰበቃ ሲታከልበት ደግሞ ያልፋል። ከ90 በላይ የሚሆነው እጅ ውስጥ ባለ ትንሽ መሣሪያ ውስጥ ይጠፋል ማለት ነው። የት እንደሚጠፋ መከታተል ከተጀመረ በኋላ መተው ያስቸግራል፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከቀደመው ይበልጥ የሚያስደንቅ ሆኖ ይመጣልና።

ምሳሌ የምናደርገው መሣሪያ አሜሪካ ውስጥ የታወቀ ነው። ክሮስማን የተባለው ኩባንያ 1377 የሚል ቁጥር የሰጠውን የአየር ሽጉጥ ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ኩባንያው ለአሥርተ ዓመታት በኒውዮርክ ግዛት በኢስት ብሉምፊልድ ሲሠራ ኖሯል። ሽጉጡ ጋዝ አይገዛለትም፣ ባትሪ የለውም። ከቱቦው ሥር ያለው እጀታ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ በተዘጋ ቁጥር ፒስተኑ አየር ጨምቆ ወደ ቫልቩ ጓዳ ያስገባል። መመሪያው ቢያንስ 3፣ ቢበዛ 10 ምት ይላል። ዋጋው ርካሽ ስለሆነና በቀላሉ ስለሚፈታ፣ ጓሮ ውስጥ ኢላማ የሚተኩሱ ሰዎች ግማሽ ምዕት ዓመት ሊሞላው እስኪቃረብ ድረስ ሲፈቱትና ሲያሻሽሉት ኖረዋል።

ለስሌት እንዲመች የፓምፑ ሲሊንደር 18 ሚሊሜትር ስፋት፣ የፒስተኑ ጉዞ 80 ሚሊሜትር፣ የቫልቩ ጓዳ ደግሞ 4 ሴንቲሜትር ኩብ ነው ብለን እንነሣ። አንድ ምት 20 ሴንቲሜትር ኩብ ገደማ አየር ይሰበስባል። አሥሩ ምቶች ምንም ሳያባክኑ ቢገቡ፣ 204 ሴንቲሜትር ኩብ አየር 4 ሴንቲሜትር ኩብ ውስጥ ታጭቆ ግፊቱ ወደ 50 ባር ይደርሳል፤ በባሕር ጠረፍ በሰውነታችን ላይ ሁልጊዜ ከሚያርፈው የአየር ግፊት 50 እጥፍ ማለት ነው። በአሥረኛው ምት መጨረሻ በዚያች 18 ሚሊሜትር ፒስተን ላይ ያለው ጭነት 130 ኪሎ ገደማ ይሆናል። አንድ ልጅ እንኳ እጀታውን ሊዘጋው የሚችለው የመገጣጠሚያዎቹ አሠራር ስለሚረዳው ነው። እጀታው ወደ መዘጊያው በተጠጋ ቁጥር እጅ ብዙ እየሄደ ፒስተኑ ጥቂት ይሄዳል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይባዛል።

የመጀመሪያው ብክነት በሙቀት ነው። አየር በድንገት ከ1 ወደ 50 ባር ሲጨመቅና ሙቀቱ የሚወጣበት ሲያጣ፣ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ በስሌት ከ600 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ ይወጣል። የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ እሳት የሚጭሩበት የእንጨት ፒስተን የሚሠራው በዚሁ ነው፤ የናፍጣ ሞተርም ሻማ ሳያስፈልገው የሚቀጣጠለው ስለዚሁ ነው። ሽጉጡ ውስጥ ግን አየሩ በጣም ጥቂት፣ ዙሪያው ደግሞ ሁሉ ብረት ስለሆነ ሙቀቱ ወዲያው ወደ ግድግዳው ይሰርጋል። ከጥቂት ተኩስ በኋላ የፓምፑን ቱቦ የነካ ሰው ይሞቀዋል፤ የሞቀው ከክንዱ የወጣው ጉልበት ነው። በዝግታ የሚነፋ ሰው ከሚቸኩለው ያነሰ ይደክማል፤ አየሩ እየተጨመቀ ሳለ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ስለሚያገኝ እጅን የሚመልሰው ግፊት ይቀንሳል። ይህ ምንም መሣሪያ፣ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ማሻሻያ ነው።

ሁለተኛው ብክነት ጥይቷ ከቱቦው ስትወጣ የሚሰማው ጩኸት ነው። የቱቦው ውስጣዊ ስፋት 4.5 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 26 ሴንቲሜትር ከሆነ የሚይዘው አየር 4.1 ሴንቲሜትር ኩብ ነው፤ ከቫልቩ ጓዳ ጋር እኩል ሊባል ይችላል። የታጨቀው አየር ጥይቷን እየገፋ ከሄደ በኋላ ጥይቷ አፈሙዙን ስትለቅ የተስፋፋው እጥፍ ብቻ ነው። ግፊቱ ገና ከ18 ባር በላይ ነው። በዚያ አየር ውስጥ የቀረው ጉልበት ሲሰላ 16 ጁል ይደርሳል፤ ጥይቷ ከወሰደችው ከእጥፍ በላይ የሚሆን ጉልበት በነፋስና በድምፅ ተበትኖ ይቀራል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ አየር ራሱ ክብደት አለው። በባሕር ጠረፍ 204 ሴንቲሜትር ኩብ አየር ሲመዘን 0.245 ግራም ይሆናል። ጥይቷ 0.5 ግራም ናት። ሽጉጡ በእያንዳንዱ ተኩስ የጥይቷን ግማሽ ክብደት የሚያህል አየር ጭምር ከቦታው አንሥቶ ያስሮጣል ማለት ነው፤ ለዚያም ጉልበት ያወጣል። አየርን እንደ ባዶ ነገር ማሰብ ስለለመድን እንጂ፣ ሚዛን ላይ ቢወጣ የአንዷን ጥይት ግማሽ ያህል ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ሚሊሜትር ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብሎ መቆየት ያስፈልጋል።

ፒስተኑ ጉዞውን ሲጨርስ በፊቱና በቫልቩ መካከል የሚቀር ክፍተት አለ። በፋብሪካው ሥራ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ያለው የጎማ ክዳን ሾጣጣ ቅርጽ ይይዛል፤ ከፊቱ ያለው ቫልቭም እንዲሁ። ሁለቱ ሾጣጣዎች ፍጹም አይገጥሙም፣ መገጣጠሚያውም ትንሽ ይላላል። ክፍተቱ ዙሪያውን 1 ሚሊሜትር ብቻ ነው እንበል። እዚያ ውስጥ የገባ አየር ወደ ቫልቩ ሳያልፍ፣ የተጨመቀ እንደሆነ እዚያው ይቀራል። ጓዳው ውስጥ 5 ባር ባለበት በመጀመሪያው ምት፣ በዚያ ክፍተት የቀረው አየር ቢለቀቅ ከሲሊንደሩ 5 ሚሊሜትር ይሞላል፤ ከ81 ውስጥ 5 ማለት ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። ግፊቱ 50 ባር ሲደርስ ግን ያው 1 ሚሊሜትር 50 ሚሊሜትር የሚሞላ አየር ይዞ ይቀራል። ከ81ዱ 50! ሰውየው ከፍተኛውን ጉልበት ባወጣበት ምት ከሰበሰበው አየር 62 በመቶው ወደ ጓዳው ሳይገባ ፒስተኑን መልሶ ይገፋል። ለዚህ ምልክቱ በእጅ ይታወቃል፤ እጀታው ተዘግቶ ሲለቀቅ በራሱ ተስፈንጥሮ ይከፈታል።

ክፍተቱ 2 ሚሊሜትር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከብክነት አልፎ ግድግዳ ይሆናል። 82 ሚሊሜትር ወደ 2 ሚሊሜትር ሲጨመቅ 41 እጥፍ ነው። አየሩ ሙቀቱን ለብረቱ አስረክቦ ከቀዘቀዘ ያ ፓምፕ ከ41 ባር በላይ መስጠት አይችልም። አሥር ምት ቢነፋ፣ መቶ ቢነፋ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢነፋ ቫልቩ 50 ባርን አያያትም። በ1 ሚሊሜትር ጣሪያው 81 ባር ይሆናል፤ በሩብ ሚሊሜትር 321። ሁለት ሚሊሜትር የማይሞላ ልዩነት አንዱን መሣሪያ ደካማ ሌላውን ብርቱ ያደርጋል፤ ከውጭ ሲታዩ ግን ሁለቱ አይለዩም። እኔ በዚህ ሁሉ ጉዳይ ውስጥ ይህን ያህል ያስገረመኝ ስሌት የለም፤ መደመርና ማካፈል የሚችል ተማሪ ሊሠራው ይችላልና።

ስለዚህ የዚህ ሽጉጥ ወዳጆች ቀድመው የሚያደርጉት ነገር ፒስተኑንም ቫልቩንም ጠፍጣፋ ማድረግ ነው። ሾጣጣውን ጎማ አውጥተው ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ኦሪንግ በሚባል የጎማ ቀለበት የሚታተም ፒስተን ይተካሉ፤ የቫልቩንም ፊት ቶርኖ ላይ ጠፍጣፋ ያስደርጉታል ወይም የተዘጋጀ ይገዛሉ። ቀጥሎ የፒስተኑ ርዝመት በብሎን የሚስተካከል ሲሆን፣ ጠፍጣፋው ጠፍጣፋውን ለጥቂት እስኪነካው ድረስ በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር ይቀርባል። አብዝቶ ማቅረብ ጎጂ ነው፤ እጀታው በተዘጋ ቁጥር ብረት ብረትን ከመታ ፒኑ ይታጠፋል፣ ማያያዣው ይሰነጠቃል። ሩብ ሚሊሜትር ካገኙ በ50 ባር የሚባክነው ከ80ው 12.5 ብቻ ነው። ከ62 በመቶ ወደ 16 በመቶ! ክንዱ ያው ክንድ ነው፣ የምቱም ቁጥር አልጨመረም።

ኦሪንጉም ዘይት ይፈልጋል። አምራቹ ካዘዘው ዘይት አንድ ጠብታ ይበቃል፤ የደረቀ ጎማ አየር ያሳልፋል፣ ቶሎም ይቆረጣል። ዝገት የሚያስለቅቁ በቆርቆሮ የሚረጩ ቀጫጭን ዘይቶች ግን እዚያ መግባት የለባቸውም፤ ሊቀጣጠሉ ይችላሉና፣ ስለ 600 ዲግሪው ያነሣነው እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከቫልቩ ወደ ቱቦው አየሩ የሚያልፍበት ቀዳዳም አለ። ስፋቱ ከ2.5 ወደ 3 ሚሊሜትር ቢያድግ የማለፊያው ስፍራ በ44 በመቶ ይሰፋል፤ ስፋት በራሱ ይባዛልና። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ብቻውን እንኳ ይረዳል፤ አየሩ በሰከንድ 3 ሺኛ ውስጥ ተጠቅልሎ ማለፍ ስላለበት ሸካራ ጠርዝ ያውከዋል።

ቱቦውን ማስረዘም ሌላው ነው። ጥይቷ ስትወጣ ከ18 ባር በላይ ግፊት ይቀር ነበር ብለናል፤ ቱቦው በ11 ሴንቲሜትር ቢረዝም ያ ግፊት ጥቂት ሥራ ይሠራል። ስሌቱ ለጥይቷ 22 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ጉልበት ይሰጣታል። ፍጥነቷ የሚጨምረው ግን በ11 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ጉልበት ከፍጥነት ጋር በካሬ ስለሚያድግ። ፍጥነትን እጥፍ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ጉልበቱን አራት እጥፍ ማግኘት አለበት። ከአሥር ምት ወደ ሃያ ሄዶ እጥፍ ፍጥነት የሚጠብቅ ሰው፣ ሁሉም ቢሳካለት እንኳ የሚያገኘው 41 በመቶ ብቻ ነው። አይሳካለትም እንጂ፤ ቫልቩ የሚከፈተው በውስጡ ባለ ትንሽ መዶሻ ምት ስለሆነ፣ ከጀርባው ያለው ግፊት ሲበዛ መዶሻው በደንብ ሊከፍተው ያቅተዋል። አየሩ ግማሹ ሳይወጣ ይቀራል፣ ሽጉጡም ባዶ የመሰለው ሰው የተነፋ መሣሪያ ይዞ ይቀመጣል። ለዚህ ነው አሥር የተባለውን አሥር ላይ ማቆም የሚገባው።

የከፍታን ነገር ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ተቀምጣለች፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሲሊንደሩ ያው ሆኖ በእያንዳንዱ ምት የሚገባው አየር አንድ አራተኛ ይጎድላል። ዱባይ ባሕር ዳር በ10 ምት የሚሞላው ጓዳ፣ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ያህል አየር እንዲይዝ ከ13 ምት በላይ ይጠይቅ ነበር። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዴንቨር፣ በ1,609 ሜትር፣ ጉድለቱ 18 በመቶ ነው። የክፍተቱም ግድግዳ አብሮ ዝቅ ይላል፤ 2 ሚሊሜትር ክፍተት ያለበት ፓምፕ በባሕር ጠረፍ 41 ባር ላይ ሲቆም፣ አዲስ አበባ ላይ 31 ላይ ይቆማል። የሯጭን ሳንባ የሚያስቸግረው ያው ስስ አየር ነው።

በክንድ የተነፋ አየር ቀድሞ ምን ያህል ሩቅ እንደሄደ ማወቅ ለሚፈልግ ደግሞ ጂራንዶኒን ማንሣት ይገባል። ባርቶሎሜዎስ ጂራንዶኒ የተባለው ባለሙያ የሠራው የአየር ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1780 አካባቢ ወደ ኦስትሪያ ጦር ሠራዊት ገባ። ሰደፉ ራሱ የአየር ማጠራቀሚያ ነበር፤ ከ20 የማያንሱ የእርሳስ ድብልብሎች በጎን በኩል ባለ ቱቦ ውስጥ ይደረደራሉ፣ ተኳሹም ተራ በተራ ይተኩሳቸዋል። በዚያ ዘመን ባሩድ የሚጠቀመው ወታደር ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ከአፈሙዙ በኩል ያጎርስ ነበር። ሰደፉን ለመሙላት ግን 1,500 ያህል ምት ያስፈልግ ነበር። አንዱ ሙሌት 30 ጥይት አወጣ ብንል፣ ለአንዷ ጥይት 50 ምት ይደርሳታል። አሜሪካዊው አሳሽ ሜሪዌዘር ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1803 ወደ ፓስፊክ ዳርቻ ሲነሣ አንድ የአየር ጠመንጃ ይዞ ነበር፤ ብዙ ተመራማሪዎች ጂራንዶኒ ነበር ይላሉ። የጉዞ ማስታወሻው ሲጀምር በመጀመሪያው ቀን የተጻፈው፣ ያ ጠመንጃ በሰዎች እጅ ሳለ ሳይታሰብ ተተኩሶ አንዲት ሴት እንዳቆሰለ ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ በአንድ ምት ብቻ የሚሠሩ ሽጉጦች አሉ። በሩሲያዋ ኢዥቭስክ የተሠራው ኢዥ-46 አንዴ እጀታው ተከፍቶ ሲዘጋ ይበቃዋል፤ በኋላ የመጣው 46ኤም ሲሊንደሩ ስለረዘመ በዚያው አንድ ምት የበለጠ አየር ይሰበስባል፣ ጥይቱም የበለጠ ይፈጥናል። ለኢላማ ውድድር ይህ በቂ ነው። የአየር ሽጉጥ ውድድር ወደ ኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ሲሆን፣ ተኳሹ በ10 ሜትር ርቀት የሚፈልገው የአሥር ነጥብ ክብ 11.5 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ በአየር ጠመንጃ ውድድር ደግሞ ነጥቡ ግማሽ ሚሊሜትር ነው። ወረቀት ለመብሳት 7 ጁል አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ከምት ወደ ምት የማይለዋወጥ ፍጥነት ነው። ክፍተቱን ጠበብ ያደረገና ኦሪንጉን የተንከባከበ ሰው ይህንንም አብሮ ያገኛል፤ በእኔ ግምት ከተጨመረው ጉልበት ይልቅ ይህኛው ይበልጣል።

ጉልበትን መጨመር የሚፈልግ ሰው የሚኖርበትን አገር ሕግ በጁል ማወቅ አለበት። በጀርመን ያለ ፈቃድ ለአዋቂ የሚሸጥ የአየር መሣሪያ ጣሪያው 7.5 ጁል ነው። የእኛ ምሳሌ 7.2 ላይ ስለሆነ የቀረው 0.3 ነው፤ ፒስተኑን ጠፍጣፋ ማድረግ ብቻውን ሊያሳልፈው ይችላል። በብሪታንያ የአየር ሽጉጥ ወሰን 8.1 ጁል ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ ያለፈ ሽጉጥ በሕጉ ከተከለከሉ የጦር መሣሪያዎች ተርታ ይገባል። 7.2 ላይ 22 በመቶ ሲጨመር 8.8 ይመጣል። 11 ሴንቲሜትር ቱቦ የቀጠለ ሰው፣ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ምንም ሳይታወቀው ወንጀል ፈጽሟል። ካናዳ ሁለት መለኪያ አላት፤ በሰከንድ 152.4 ሜትርና 5.7 ጁል፣ ሁለቱንም ያለፈ መሣሪያ እንደ ጠመንጃ ፈቃድ ይጠይቃል። ምሳሌያችን ገና ሳይነካ ሁለቱንም አልፏል። ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ ዛሬ በመጠነኛ ዋጋ ይገኛል፤ ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በኋላ ጥይቷን መዝኖ፣ ፍጥነቷን ለክቶ፣ ክብደቱን በፍጥነቱ ካሬ አባዝቶ ለሁለት ማካፈል የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ዓይን ደግሞ ከእነዚህ ወሰኖች ሁሉ በጣም ዝቅ ባለ ጉልበት ይጠፋል። መከላከያ መነጽር ለተኳሹም፣ አጠገቡ ለቆመውም፣ ቫልቩን ለሚፈታውም ያስፈልጋል፤ ከመፍታቱም በፊት ሽጉጡ ጥይት ሳይጎርስ አፈሙዙ ወደ አስተማማኝ አቅጣጫ ዞሮ ደጋግሞ መተኮስ አለበት፤ በ4 ሴንቲሜትር ኩብ ውስጥ 50 ባር ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል።